ውሃውን የዘጋ ሰው ዕዳ
(ስለ ታመመ ዓሣና ስለ ለይቶ ማቆያ ገንዳ)

፩

አንድ ዓሣ ቢታመምና የዓሣው ዋጋ ከመድኃኒቱ ዋጋ ቢያንስ፣ እርሱን ለማዳን መድከም ግዴታ ነው ወይስ የሥራ ፈት ጨዋታ? ጥያቄውን እንዲህ አፍጥጠን ስናቀርበው ፈገግ የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ የሚያሳስባችሁ ነገር አጣችሁ ወይ?» የሚለንም አይጠፋም። ግን የሚያስቅ ጥያቄ ሁሉ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሰው ኅሊና በደንብ የሚፈተነው ማንም በማያይበት፣ ማንም በማይከስበት፣ ተበዳዩም ጮኾ አቤት በማይልበት ቦታ ነው። ዓሣ ደግሞ ሲታመም አይጮኽም፤ አይነክስም፤ ደጃፍ ላይ ተኝቶ አያላዝንም። ዝም ብሎ ቀለሙ ይደበዝዛል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በሆቴል መግቢያ፣ በሐኪም መጠበቂያ ክፍል፣ በአንዳንድ ሰው ሳሎን ውስጥ የመስተዋት ገንዳ ተቀምጦ፣ ቀለማቸው የሚያምር ትናንሽ ዓሦች ሲመላለሱበት ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። አየት አድርገን፣ ተደንቀን፣ እናልፋለን። ከእነዚያ ዓሦች አንዱ ሲታመም ግን ባለቤቱ ከሦስት አንዱን መምረጥ አለበት። ወይ እንደ ቆሻሻ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ወይ «እግዜር ያውቃል» ብሎ እዚያው ይተወዋል፤ ወይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ገንዳ አዘጋጅቶ፣ ለይቶ ያክመዋል። ይህ ሦስተኛው መንገድ በዓሣ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ እዚህ የምንከራከረው ሦስተኛው መንገድ ደግነት ብቻ ሳይሆን ዕዳ ነው ብለን ነው። ዕዳ ነው ካልን ደግሞ ከየት እንደ መጣና እስከ የት እንደሚደርስ ማሳየት ይጠበቅብናል።

፪

በሐሳብ ብቻ እንዳንንሳፈፍ ከአንድ ተጨባጭ በሽታ እንነሣ። ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ የገንዳ ዓሦች ላይ በብዛት ከሚታዩት ደዌዎች አንዱ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው። በዓሣው ገላና ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጫጭ ነጥብ ይወጣል። ዓሣው ገላውን ከጠጠሩና ከድንጋዩ ጋር ያፋትጋል፤ ክንፉን ሰብስቦ ከማዕዘን ይቆማል፤ መተንፈሻው ስንጥብ ከተያዘ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል። የበሽታው መንስኤ ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ፍጥረት ነው። ስሙን በ1876 ያወጣለት ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከግሪክና ከላቲን የተገጣጠመው ስም ቢፈታ «ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል» እንደ ማለት ነው።

ስያሜው በከንቱ አልተሰጠም። ጥገኛው በዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ እየበላ ያድጋል፤ ነጭ ነጥብ ሆኖ የሚታየን እርሱ ነው። ሲጠግብ ቆዳውን በስቶ ይወጣና ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። እዚያም ጠጠር ላይ ተጣብቆ በራሱ ዙሪያ ሽፋን ይሠራል፤ በሽፋኑም ውስጥ ደጋግሞ ይከፈላል። ከአንዱ በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ ሺህ የሚደርሱ ልጆች ይወጣሉ። ልጆቹ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኙ ያልቃሉ። ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሆነ ይህ ዙር በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን እስከ ብዙ ሳምንታት ይረዝማል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የተለመዱት መድኃኒቶች የሚገድሉት ጥገኛውን እየዋኘ ሳለ ነው። ቆዳ ሥር የተደበቀውንም ሆነ በሽፋን ውስጥ ያለውን እምብዛም አይነኩትም። ስለዚህ ነጥቡ ስለጠፋ በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። «ዳነ!» ብሎ ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው በሳምንቱ የባሰውን ያያል። ሁለተኛውና ለክርክራችን ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በወንዝ ውስጥ እነዚያን ብዙ ልጆች ጅረቱ ይበትናቸዋል፤ አብዛኞቹም ዓሣ ሳያገኙ ይሞታሉ። በገንዳ ውስጥ ግን የሚበተኑበት ቦታ የለም። ዓሣውም የሚሸሽበት ቦታ የለውም። በተፈጥሮ ውሃ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀላል ሕመም የሚያልፈው ነገር በመስተዋት መካከል ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል። በሽታውን ባለቤቱ አልፈጠረውም፤ ወረርሽኝ ያደረገው ግን እርሱ ያቆመው መስተዋት ነው።

፫

የገንዳ ዓሣ ርባታ ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው ሁለት ወርቃማ ዓሦችን፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ተክሉ ለዓሣው አየር እየሰጠ፣ ቀንድ አውጣውም የበሰበሰውን ቅጠል እየበላ ውሃው ሚዛኑን ጠብቆ እንደሚቆይ አሳየ። በ1853 ለንደን በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥበብ ሁሉ በአንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል፦ ወንዙ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሰው ተረከበ። ማጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ አየር የሚነፋው ፓምፕ፣ በየሳምንቱ የሚቀየረው ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ወንዙ ያለ ክፍያ ይሠራቸው የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ የለይቶ ማቆያው ገንዳ ምን ይመስላል? ያልለመደ ዓይን ቢያየው እስር ቤት ይመስለዋል። ወለሉ ባዶ ነው፤ ጠጠር የለም፤ ተክል የለም። ይህ የሆነው ከጭካኔ አይደለም። ባዶ ወለል ከሆነ ወደ ታች የወረደውን ጥገኛ በቱቦ ስቦ ማውጣት ይቻላል፤ የዓሣው ዓይነ ምድርና የተረፈው ምግብም ይታያል። የውሃው መጠን በትክክል ስለሚታወቅ መድኃኒቱን ሳያበዙና ሳያሳንሱ መለካት ይቻላል። ከዚህም ሌላ በዋናው ገንዳ ሊጨመር የማይገባው መድኃኒት ብዙ ነው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይጨርሳል፤ ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ውሃውን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል እንዳይሆን ነው መለየቱ።

ሆኖም ባዶ ገንዳ ውስጥ ዓሣ መጣል ሕክምና አይባልም። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። በቆየ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ ግን በአንድ ቀን አይራቡም፤ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ትናንት ማታ የተሞላ ገንዳ ምንም ያህል ንጹሕ ቢመስል እነርሱ የሉትም። ስለዚህ የታመመው ዓሣ ከበሽታው ቢተርፍ ከገዛ እዳሪው በሚወጣው መርዝ ሊሞት ይችላል። ብልህ አርቢ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቀደም አድርጎ በዋናው ገንዳ ውስጥ ያቆየዋል፤ ይህን ካላደረገም በየቀኑ ከውሃው ከፊሉን ይቀይራል፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነም ክሎሪኑን አስወግዶ፣ ሙቀቱንም አስተካክሎ ነው። መደበቂያ የሚሆን ቁራጭ ቱቦም ያስቀምጥለታል፤ የፈራ ዓሣ አይበላም፤ ያልበላም አይድንም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው አባባል እዚህ ላይ ምክር ብቻ ሳይሆን የአሠራር ደንብ ነው። በሽታው ከታየ በኋላ የሚጀመር ለይቶ ማቆያ ግማሹን ጦርነት ተሸንፏል።

በነጭ ነጠብጣብ በሽታ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ነጥብ የታየበትን አንዱን ዓሣ ብቻ መለየት በቂ አይደለም። ነጥቡ በታየ ሰዓት የጥገኛው ልጆች በዋናው ገንዳ ውሃና ጠጠር ውስጥ ተዘርተዋል፤ ደህና የሚመስሉትም ዓሦች በስንጥባቸው ይዘዋቸው ይሆናል። ስለዚህ ወይ ዋናው ገንዳ ራሱ ይታከማል፤ ወይ ዓሦቹ በሙሉ ወጥተው ይታከማሉ፤ ዋናው ገንዳም ጥገኛው በረሃብ እስኪያልቅ ድረስ ያለ ዓሣ ይቆያል። ለካ ምልክቱ የታየው በአንዱ ላይ ይሁን እንጂ የታመመው ገንዳው ነበር! ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

፬

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንሂድ። የመጀመሪያው «ለመሆኑ ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ዴካርት እንስሳትን ከሰዓት ጋር አመሳስሎ፣ ሐሳብ የሌላቸው ውስብስብ መኪናዎች አድርጎ አያቸው። ካንት በበኩሉ ለእንስሳ በቀጥታ የምንከፍለው ግዴታ የለም፤ ነገር ግን በእንስሳ ላይ የሚጨክን በሰው ላይ መጨከንን ስለሚለምድ እንጠንቀቅ የሚል ነበር። በካንት አስተሳሰብ ዓሣው ለእኛ ደግነት የልምምድ ደብተር መሆኑ ነው። ቤንታም ግን በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ጥያቄውን ገለበጠው፤ መመርመር ያለበት እንስሳው ማሰብና መናገር መቻሉ ሳይሆን መሠቃየት መቻሉ ነው አለ።

ሳይንሱስ ምን ይላል? በ2002 ጀምስ ሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ዓሣ በሰው አእምሮ ውስጥ ያለው ዓይነት ውጫዊ ቅርፊት ስለሌለው ሕመምን አውቆ ሊሰማው አይችልም ሲል ጻፈ። በ2003 ደግሞ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት በሚባል ዓሣ ላይ ያደረጉትን ምርመራ አወጡ። በከንፈራቸው የንብ መርዝ ወይም አሲድ የተወጉት ዓሦች ትንፋሻቸው ፈጠነ፤ ወደ ምግብ ለመመለስ ዘገዩ፤ አንዳንዶቹም ከንፈራቸውን ከጠጠሩ ጋር አፋተጉ። ሞርፊን ሲሰጣቸው ይህ ሁኔታ ቀነሰ። ስሜት የሌለው መኪና የሕመም ማስታገሻ ምን ያደርግለታል? ሆኖም ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። በ2016 ብራያን ኪ የተባለ የአእምሮ ተመራማሪ የሮዝን ወገን ይዞ ዓሣ ሕመም አይሰማውም ብሎ ተከራክሯል፤ ብዙ ምሁራንም መልስ ሰጥተውታል።

እኛ የፍልስፍና ተማሪዎች እንጂ የአእምሮ ሐኪሞች አይደለንም፤ ክርክሩን ልንዳኝ አንችልም። ግን ክርክሩ እስኪዳኝ ድረስ ዓሣው አይጠብቀንም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ በጥርጣሬ መካከል የቱ ስሕተት ይሻላል? ዓሣው የማይሰማው ሆኖ ካከምነው የከሰርነው ጥቂት ብርና በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። የሚሰማው ሆኖ ከተውነው ግን ቆዳው ሥር እየተበላ፣ መተንፈሻው እየታፈነ፣ እኛ በዘጋነው መስተዋት ውስጥ ለቀናት እንዲሠቃይ ፈረድንበት ማለት ነው። በፍርድ ቤት ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይጠቅማል ይባላል። አፍ በሌለው ፍጥረት ጉዳይ ላይ ጥርጣሬው ለእርሱ እንዳይጠቅም የሚከለክል ምን ምክንያት አለ?

፭

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይቆነጥጣል። «ሐዋሳ ሄዳችሁ አሞራ ገደል ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ስትበሉ ይህ ፍልስፍና የት ነበር?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቀን አንድ ዓሣ በርበሬ ነስንሶ የሚበላ ሰው ለአውራ ጣት ለማታክል ዓሣ መድኃኒት ሲለካ ቢታይ፣ ግብዝ ቢባል አይገርምም።

እዚህ ላይ አልበርት ሽዋይትዘር ይረዳናል። ይህ ሰው ከ1913 ጀምሮ ጋቦን ውስጥ ላምባሬኔ በሚባል ስፍራ ሐኪም ቤት አቋቁሞ ያከመ፣ ለሕይወት ክብር መስጠትንም የሥነ ምግባሩ መሠረት ያደረገ ነው። በ1931 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አንድ የራሱን ችግር ያነሣል። ሰዎች ይዘው የሚያሠቃዩትን አንድ ጫጩት ዓሣ በል ንስር ለማዳን ብሎ ይገዛዋል። ንስሩ ግን ዓሣ ነው የሚበላው። ወይ ንስሩ በረሃብ ይሙት፣ ወይ በየቀኑ ብዙ ትናንሽ ዓሦች ይገደሉለት። ሽዋይትዘር ሁለተኛውን መረጠ፤ ግን አንዱ ሕይወት በእርሱ ኀላፊነት ለሌላው መሥዋዕት መሆኑ በየቀኑ ይከብደው ነበር። ከዚህ የምንማረው ንጹሕ እጅ ይዞ መኖር እንደማይቻል ነው፤ ክብደቱን ሳያውቁ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው።

የእኛ መልስ እንዲህ ነው። ዕዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓሣ አጥምዶ የሚበላ ሰው ለዓሣው ያለበት ዕዳ አጭር ነው፦ ሳያሠቃይ መግደል፣ ያጠመደውንም ከንቱ አለማስቀረት። መብላቱ ራሱ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አንገባበትም። ዓሣን በመስተዋት አስገብቶ የሚያኖር ሰው ግን ዕዳው በየዕለቱ የሚታደስ ነው። ኒዮን ቴትራ የምትባለው ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላት ትንሽ ዓሣ ዘሯ የመጣው ከላይኛው የአማዞን ወንዞች ነው። እዚያ ወንዝ ውስጥ ብትታመም ሄዶ የማከም ግዴታ ያለበት ሰው የለም። እኛ ገንዳ ውስጥ ስትሆን ግን የምትሸሽበትን፣ የምትበላውን፣ የምትተነፍሰውን ሁሉ የወሰነው ሌላ ማንም አይደለም፤ ባለቤቷ ነው። መንገደኛና አሳዳጊ እኩል አይጠየቁም። ልጅ አሳድጋለሁ ብሎ ቤቱ ያስገባ ሰው «የጎረቤት ልጆችም ይራባሉ» ብሎ ምሳ ቢከለክለው ማን ይቀበለዋል? ዕዳው የተወለደው ከዓሣው ውበት ወይም ከዋጋው አይደለም፤ ውሃውን ከመዝጋት ነው። ውሃውን የዘጋ የወንዙን ሥራ ተረክቧል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። «ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር ለዓሣ መድኃኒት!» ይህን ቃል በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ልቡ ደንድኗል። በአንድ ብር ሰው ወይስ ዓሣ ይዳን ተብሎ ቢጠየቅ እኛም አናመነታም፤ ሰው ይቀድማል። ግን ክርክሩ በትክክል ቢታይ የሚያወግዘው ሕክምናውን አይደለም፤ ገንዳውን መግዛቱን ነው። ለመስተዋቱ፣ ለማሞቂያው፣ ለጌጡ ድንጋይ፣ ለቀለም መብራቱ ሲከፈል «ሰው ተቸግሯል» ያላለ ሰው፣ ዓሣው ሲታመም ጊዜ ብቻ ድኻውን ካስታወሰ ድኻውን ለማምለጫ ተጠቅሞበታል። ማሳከም የማይችል ውሃውን አይዝጋ። ከዘጋ በኋላ ግን ቁጠባውን ከታማሚው አይጀምር።

፮

ዕዳው እንዳለ ከተስማማን የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው፦ መለየቱ ለማን ሲባል ነው? ለታመመው ወይስ ለተረፉት? በ1377 ራጉሳ (ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ከተማ) ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች። ቬኒስ በ1423 በአንድ ደሴት ላይ የወረርሽኝ ታማሚዎች ማቆያ አቆመች። ቀኑ በኋላ 40 ሆነ፤ ኳራንቲን የሚለው ቃልም የመጣው በጣልያንኛ አርባ ከሚለው ቁጥር ነው። የራጉሳ ድንጋጌ የታሰበው እንግዳውን ለማዳን አልነበረም፤ ከተማይቱን ለመጠበቅ ነበር። ነገሩ ነውር አይደለም፤ ከተማም ሕይወት አለው። ግን መጠበቅና ማከም ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

በአገራችንም በ2020 ኮሮና ሲመጣ ለይቶ ማቆያ የሚለው ቃል በየቤቱ ገባ። ከውጭ የሚመለስ ሰው 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ማቆያ ሆኑ፤ ተማሪ የሚተኛባቸው አልጋዎች ለተመላሾች ተሰጡ። ተለይቶ የሚቆይ ሰው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ምግብ ይመጣል ወይ? የሚያንኳኳ አለ ወይ? የምወጣበት ቀን ይታወቃል ወይ? ሰውና ዓሣ አንድ ነው እያልን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ሰውን ይሰድባል። ልዩነቱ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚወስደን። ለሰው ምክንያቱ ሊነገረው ይችላል፤ ፈቃዱን ሊሰጥ፣ ሊከራከር፣ አቤት ሊል ይችላል። ዓሣ ይህን ሁሉ ስለማይችል የሚለየው ሰው ኀላፊነት ይበዛል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ መለየት መቼ ሕክምና፣ መቼ ማባረር እንደሚሆን የምናውቅበት መለኪያ ያስፈልገናል። የተለየው ከመለየቱ በፊት ከነበረው የበለጠ እንክብካቤ ካገኘ ሕክምና ነው፤ ካነሰ ማባረር ነው። ዓሣውን ወደ ባልዲ ወርውሮ፣ ባልዲውን ከደረጃ ሥር አስቀምጦ «ለይቼዋለሁ» የሚል ሰው የለየው ዓሣውን ሳይሆን ዓይኑን ነው፤ የገዛ ዓይኑን ከሚያስቀይመው ነገር ለየ። የመመለሻ ቀንም መኖር አለበት። ለነጭ ነጠብጣብ ሕክምናው የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም መቀጠል አለበት፤ አዲስ የተገዛ ዓሣም አራት ሳምንት ያህል ተለይቶ ቢቆይ ይመከራል። ግን አራት ሳምንት አራት ሳምንት ነው። «ይቆይ፣ ምን ቸገረኝ» ተብሎ በባዶ ወለል ላይ የተረሳ ዓሣ ታማሚ መሆኑ ቀርቶ እስረኛ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያዙልን ያልነው ነጥብ አለ። ምልክት የታየበትን ለይቶ ዋናውን ገንዳ ሳይመረምር የሚቀመጥ ሰው ምንም አላከመም። ውሃው ከቆሸሸ፣ ዓሣው ከሚገባው በላይ ከተጨናነቀ፣ አዲሱ ዓሣ ሳይለይ ከገባ፣ ማሞቂያው ከተበላሸ፣ በሽታው ነገም ሌላ ዓሣ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው የወደቀው ዓሣ ጥፋተኛው ሳይሆን ደካማው ነው፤ ገንዳውን ወክሎ ነው የታመመው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ጣታችንን በእርሱ ላይ መቀሰር ይቀለናል። ውሃውን መመርመር ግን ራስን መመርመር ስለሆነ ይከብዳል።

፯

ዕዳው ወሰን አለው ወይ? አለው። ማከም ማለት በማንኛውም ዋጋ ማቆየት ማለት አይደለም። መብላት ያቆመ፣ ሚዛኑን መጠበቅ ያቃተው፣ ስንጥቡ ያለቀ ዓሣ በመድኃኒት ላይ መድኃኒት ቢጨመርበት የሚረዝመው ሥቃዩ ነው። በዚህ ጊዜ የመጨረሻው እንክብካቤ ሞትን ማቅለል ይሆናል። አርቢዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ለዚህ የቅርንፉድ ዘይት ይጠቀማሉ። በውስጡ ያለው ዩጂኖል ዓሣውን መጀመሪያ ያደነዝዘዋል፤ መጠኑ ሲጨምር ትንፋሹን ያቆመዋል። በሕይወት እያለ ሽንት ቤት መልቀቅ ግን አሟሟትን ማቅለል አይደለም፤ ሞቱን እንዳናየው መደበቅ ነው።

«እንግዲያው ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ልልቀቀው፣ ነጻ ይውጣ» የሚል ደግ ልብ ያለው ሰውም ይኖራል። ይህ ደግነት አደገኛ ነው። ከገንዳ የወጣ ዓሣ የገንዳውን በሽታ ይዞ ይሄዳል፤ ወርቃማው ዓሣ በብዙ አገር ወደ ሐይቅና ወንዝ ተለቆ የአካባቢውን ፍጥረት ሲያውክ ታይቷል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ። የአንዱን ዓሣ ዕዳ ለመክፈል ብሎ ለእነዚያ በሽታ ማበደር አይቻልም። ውሃውን የዘጋ ሰው ዕዳውን እዚያው በዘጋው ውሃ ውስጥ ይክፈል።

እንግዲህ ሐሳባችንን ስንሰበስበው፦ ለታመመው ዓሣ ያለብን ዕዳ ከፍቅር የመጣ አይደለም፤ የሚወደድ ዓሣም የማይወደድ ዓሣም እኩል ይታከማል። ከዋጋም የመጣ አይደለም። የመጣው ሌላ ሕይወት መሸሻ እንዳይኖረው አድርገን በእጃችን ካስገባነው ሥልጣን ነው። ሥልጣኑን ሳይመልስ ዕዳውን ብቻ «በዛብኝ» ማለት የሚችል ሰው የለም። ገንዳ ልግዛ የሚል ወዳጅ ካላችሁ ከዓሣው ቀለም በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሁለተኛዋን ትንሽ ገንዳ የት ታስቀምጣለህ? መልስ ከሌለው የመጀመሪያዋንም ባይገዛ ይሻላል።

በዚህ የማይስማማ ጓደኛ እንደሚኖር እናምናለን። በተለይ «ሰው እያለ» የሚለውን ተቃውሞ ከእኛ አጠንክሮ የሚያቀርብ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ አንብበን እንመልሳለን፤ ካሳመነንም እንቀበላለን።